ከግማሽ ቴምር እስከ አራት ሺህ ግመል



ውድ አንባብያን! በየሰፈራችን እድር አለን። ወሎ ውስጥ ቅሬ ይሉታል። ሰው ሲሞት ድንኳኑን ማን እንደሚያወጣ፣ መቃብሩን ማን እንደሚቆፍር፣ ለለቀስተኛው ምግብ ማን እንደሚያቀርብ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ጸሐፊው መዝገብ አለው፤ ገንዘብ ያዡ ቁልፍ አለው፤ የቀረ ሰው ይቀጣል። ለሞተው ወንድማችን ይህን ያህል ሥርዓት አበጅተናል። ለመሆኑ ይኸው ወንድማችን ከመሞቱ በፊት፣ ተርቦ ቤቱ በተኛበት ጊዜ፣ ለእርሱ የሚሆነው መዝገብና ቁልፍ በማን እጅ ነበር?

ይህን ጥያቄ እንዳነሣ ያደረገኝ የራሴ ጥፋት ነው። ወጣት ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን በአንድ መስጂድ ግቢ ለተራቡ ወገኖች እህል እንሰበስብ ነበር። ሕዝቡ አላሳፈረንም። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አንዱ በጆንያ፣ ሌላው በፌስታል፣ እናቶች በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አመጡ። ስንዴው ከበቆሎው፣ በቆሎው ከባቄላው ተደባልቆ ተከመረ። እኛም ክምሩን እያየን አልሐምዱሊላህ አልን፤ ሥራው ያለቀ መሰለን። ማን ምን ያህል እንዳመጣ አልጻፍንም። ማን እንደሚጠብቀው አልወሰንንም። ለማን ይሰጥ እየተባባልን ስንከራከር ሳምንታት አለፉ። በመጨረሻ በሩን ስንከፍት ከእርጥቡ መሬት ላይ የተቀመጡት ጆንያዎች ሻግተው፣ የላይኞቹ ነቅዘው አገኘናቸው። አንድ ሸምገል ያሉ አባት ከእህሉ እፍኝ አንሥተው አሸተቱና፣ «ልጆቼ፣ የዚህ እህል አሚን ማን ነበር?» ሲሉ ጠየቁን። የምንመልሰው አልነበረንም።

የእኒያ አባት ጥያቄ ብዙ ዓመት ተከትሎኛል። የኢስላምን ታሪክ በማነብበት ጊዜ ሁሉ፣ ሙስሊሞች ለተራበ ሰው ምግብ በሰበሰቡበት ቦታ ላይ ቆም ብዬ አሚኑን እፈልጋለሁ። ያገኘሁትን እነሆ አብረን እንመልከት።

ሁለቱ ክምሮች

ጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ.) ያወሩትንና ኢማም ሙስሊም የዘገቡትን አንድ ታሪክ አስቡ። ጊዜው ረፋድ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሶሓቦቻቸው ጋር መዲና ውስጥ ተቀምጠዋል። ከሙደር ጎሣ የሆኑ ሰዎች መጡ። ጫማ የላቸውም፤ የለበሱት የተቀደደ የሱፍ ጨርቅ ነው፤ ሰይፋቸውን በትከሻቸው አንግተዋል። ችግራቸው ከሩቅ ይታያል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ባዩ ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። ወደ ቤት ገቡ፤ ወጡም። ከዚያም ቢላልን (ረ.ዐ.) አዛን እንዲያደርጉ አዘዙ።

ውድ አንባብያን! ይህችን ቅደም ተከተል ልብ በሉ። መጀመሪያ ፊታቸው ተለወጠ፤ ይህ ርኅራኄ ነው። ቀጥሎ ወደ ቤት ገቡ፤ መቼም በረሱል ቤት ብዙ ምግብ የማይገኝበት ጊዜ እንደ ነበር እናውቃለን። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ እንዲሰበሰብ አደረጉ። አንድ ቤት ብቻውን የማይችለውን ጀመዓ እንዲሸከመው ነው።

ሶላቱ ተሰገደ። በኹጥባቸውም የሰው ልጅ ሁሉ ከአንዲት ነፍስ የተገኘ መሆኑን የሚያስታውሰውንና እያንዳንዱ ሰው ለነገ ያስቀደመውን እንዲመለከት የሚያዝዘውን አንቀጽ አነበቡ። ከዚያም ሁሉም ካለው ላይ እንዲሰጥ ጠየቁ፤ ዲናር ያለው ከዲናሩ፣ ዲርሃም ያለው ከዲርሃሙ፣ ልብስ ያለው ከልብሱ፣ ስንዴ ያለው ከስንዴው ሷዕ፣ ቴምር ያለው ከቴምሩ ሷዕ። በመጨረሻ ግማሽ ቴምር እንኳ ቢሆን አሉ።

ግማሽ ቴምር ሰውን አያጠግብም። ታዲያ ለምን ተጠየቀ? መልሱ ወዲያው በተከተለው ነገር ውስጥ ይገኛል። ከአንሷሮች አንድ ሰው እጁ ሊሸከመው ያቃተውን ከረጢት ይዞ መጣ። ከእርሱ በኋላ ሰዎች እየተከታተሉ መጡ። ጀሪር ሁለት ክምር፣ አንዱ የምግብ አንዱ የልብስ፣ ከፍ ብሎ እስኪያዩ ድረስ መጡ። የረሱልም ፊት በደስታ በራ። መልካም ፈለግ የጀመረ ሰው የእርሱን ምንዳና ከእርሱ በኋላ የተከተሉትንም ምንዳ እንደሚያገኝ፣ ከተከታዮቹም አንዳች እንደማይጎድል ያስተማሩት በዚያን ቀን ነው። ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ እንሰማዋለን፤ የተነገረው ግን ለተራቡ ሰዎች እህል በተሰበሰበበት ዕለት መሆኑን ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

በሌላ ጊዜ ደግሞ ሶደቃ ሲታዘዝ ሶሓቦች ገንዘብ ስላልነበራቸው በጀርባቸው ዕቃ እየተሸከሙ ኪራይ ይሠሩ ነበር። አቡ ዐቂል (ረ.ዐ.) ግማሽ ሷዕ ይዘው መጡ። ሌላ ሰው ብዙ ይዞ መጣ። ሙናፊቆች ሁለቱንም አልማሯቸውም። ስለ ትንሹ ስጦታ አላህ ከዚህ የተብቃቃ ነው አሉ፤ ብዙ የሰጠውን ደግሞ ለታይታ ነው አሉት። አላህ (ሱ.ወ.) እነዚህን ፌዘኞች የሚያወግዝ አንቀጽ በሱረቱ ተውባ አወረደ። እንግዲህ በመስጂዳችን በር ላይ አንዲት እናት ግማሽ ኪሎ ምስር ይዘው ሲመጡ ፊታችን ምን እንደሚመስል እንጠንቀቅ። ሀብታሙ በመኪና ጭኖ ሲያመጣም ልቡን ለመመርመር አልተሾምንም።

አሚኑ ማን ነው?

ክምሩ ከተከመረ በኋላስ? ኢማም ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አቡ ሁረይራን (ረ.ዐ.) የረመዳንን ዘካ እንዲጠብቁ ሾመዋቸው ነበር። ይህ ዘካ የምግብ ክምር ነበር። ሌሊት አንድ ሰው መጥቶ ከምግቡ ይዘግን ጀመር። አቡ ሁረይራ ያዙት። ቤተሰብ አለኝ፣ ችግረኛ ነኝ ብሎ ሲለምናቸው አዘኑለትና ለቀቁት። ጧት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የትናንት ሌሊት እስረኛህ ምን አደረገ ብለው ጠየቋቸው። ሰውየው ዋሽቷል፣ ተመልሶም ይመጣል አሏቸው። ይህ ለሦስት ሌሊት ተደጋገመ። በሦስተኛው ሌሊት ሌባው አየተል ኩርሲን የመቅራትን ጥቅም ነግሯቸው አመለጠ፤ ሸይጧን እንደ ነበርም ረሱል ነገሯቸው።

ይህን ታሪክ ስለ አየተል ኩርሲ ሲነገር እንሰማዋለን፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ሌላም ትምህርት አለው። የሕዝብ ምግብ ያለ ጠባቂ አልታደረም። ጠባቂው በስም የታወቀ አንድ ሰው ነበር። ጠባቂውም በየማለዳው ይጠየቅ ነበር። አቡ ሁረይራን የመሰለ ታማኝ ሶሓባ ከተጠየቀ፣ እኔና እናንተ ብንጠየቅ የሚያስቆጣን ምን አለ? «እኔን አታምኑኝም ወይ?» የሚለው ቃል በእርዳታ ሥራችን ውስጥ ብዙ ጆንያ አበላሽቷል።

ስለ አከፋፈልም አሽዐሪዮች የተባሉት የየመን ሰዎች ምሳሌ ሆነውልናል። በጉዞ ላይ ስንቃቸው ሲያልቅ፣ ወይም በመዲና የቤተሰባቸው ምግብ ሲያንስ፣ ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጨርቅ ላይ ያፈሱና በአንድ ዕቃ እየሰፈሩ እኩል ይከፋፈሉ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) እነርሱ ከእኔ ናቸው፣ እኔም ከእነርሱ ነኝ እስከ ማለት ድረስ አመሰገኗቸው። አንድ ጨርቅና አንድ መስፈሪያ! ጨርቁ የአንዱን መዋጮ ከሌላው ስለሚቀላቅል ማን ትንሽ እንዳዋጣ አይታይም። መስፈሪያው አንድ ስለሆነ ማን ብዙ እንደወሰደ ጥርጣሬ አይኖርም።

ዓመተ ረማዳ

እስካሁን ያየነው ጥቂት እንግዶችንና አንድ ከተማን ነው። አሁን ወደ ከባዱ ፈተና እንለፍ። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ639 አካባቢ፣ በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) የኸሊፋነት ዘመን፣ በሒጃዝና በዙሪያው ዝናብ ጠፋ። ምድሪቱ ጠቁራ ነፋሱ አመድ የመሰለ አቧራ ያነሣ ስለ ነበር ዓመቱ ዓመተ ረማዳ፣ የአመድ ዓመት ተባለ። ድርቁ ዘጠኝ ወር ያህል ቆየ። ከብቶች አለቁ። የገጠሩ ዐረብ ቤቱን እየተወ ወደ መዲና ጎረፈ።

ዑመር ለየግዛቱ አስተዳዳሪዎች እርዳታ እንዲልኩ ጻፉ። ጠበሪ እንደመዘገቡት በመጀመሪያ የደረሱት የሻሙ አስተዳዳሪ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ሲሆኑ፣ ምግብ የተጫኑ አራት ሺህ ግመሎች ይዘው መጡ። ዑመር በመዲና ዙሪያ ላሉት ራሳቸው እንዲያከፋፍሉ አደረጓቸው። ሥራውን ሲጨርሱ ዑመር ገንዘብ እንዲሰጣቸው አዘዙ። አቡ ዑበይዳ ይህን ያደረግሁት አላህ ዘንድ ያለውን ፈልጌ ነው ብለው እምቢ አሉ፤ ዑመር እስኪያግባቧቸውም ድረስ አልተቀበሉም። ከዒራቅም እህል መጣ።

ከዚህ በኋላ ዑመር ያደረጉትን ልብ ብላችሁ ተከታተሉ። ወደ መዲና ያልደረሱትን አልረሱም። እህል የጫኑት ግመሎች ገና በመንገድ ላይ ሳሉ የሚቀበላቸው ሰው ልከው ወደ ገጠሩ ሕዝብ እንዲያዞራቸው አዘዙ። ሕዝቡ ዱቄቱን እንዲጋግር፣ ግመሉን አርዶ ሥጋውን እንዲመገብ፣ እህሉ የመጣበትን ጆንያ እንኳ ልብስ አድርጎ እንዲለብሰው መመሪያ ሰጡ። ከጭነቱ አንዳች የሚጣል አልነበረም።

ወደ መዲና ለመጡት ደግሞ በከተማይቱ ዙሪያ የታመኑ ሰዎችን በየአቅጣጫው ሾሙ። እነዚህ ሰዎች ቀን ከተፈናቃዩ ጋር ይውሉና ማታ ማታ ዑመር ዘንድ ተሰብስበው የዋሉበትን ሁሉ ይናገሩ ነበር። አብሳዮች ከንጋት በፊት ተነሥተው ድስት ይጥዳሉ፤ ሕዝቡ በትልልቅ ገበታ ይበላል።

አንድ ምሽት ዑመር ከገበታቸው የበሉት እንዲቆጠሩ አዘዙ። ኢብኑ ሰዕድ በዘገቡት መሠረት ሰባት ሺህ ሆኑ። ዑመር ግን በዚህ አላበቁም። ወደ ገበታው ያልመጡት፣ ሕመምተኞች፣ ሕፃናትና በየድንኳኑ የቀሩት ቤተሰቦች እንዲቆጠሩ አዘዙ። አርባ ሺህ ሆነው ተገኙ! ከጥቂት ሌሊት በኋላ እንደገና ሲቆጠሩ የሚመጡት አሥር ሺህ፣ የማይመጡት ሃምሳ ሺህ ደርሰው ነበር።

ውድ አንባብያን! ከዚህ ታሪክ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን ቁጥር አትርሱ። ለምግብ በር ላይ ቆሞ ከሚታየው ከአንዱ ሰው በስተጀርባ አምስትና ስድስት የማይታዩ ነበሩ። መቆም ያልቻለው፣ ልጅ ታቅፋ የቀረችው፣ ማፈር የከለከለው። ዑመር ያልመጡትን ባያስቆጥሩ ኖሮ የሰባት ሺህ ሰው ምግብ አብስለው ሥራው ተፈጸመ ብለው በተኙ ነበር። ለእነዚያ አርባ ሺህዎች ምግቡ ወዳሉበት ይወሰድላቸው ጀመር።

ዑመር ራሳቸውስ? ሕዝቡ እስኪያገግም ድረስ ቅቤ፣ ወተትና ሥጋ አልቀምስም አሉ። ዘይት ብቻ ከመብላታቸው የተነሣ የፊታቸው መልክ ጠቆረ። አንድ ቀን ቅቤና ወተት ገበያ ላይ ተገኝቶ አገልጋያቸው በውድ ዋጋ ቢገዛላቸው ሶደቃ አድርገው ሰጡት። ሕዝቡን የነካው እኔን ካልነካኝ የሕዝቡ ነገር እንዴት ይገደኛል የሚል ነበር ምክንያታቸው። በዚያ ዓመት ከገጠሩ ሕዝብ ዘካ መሰብሰብንም ወደ ቀጣዩ ዓመት አስተላለፉ። ርቦት በሰረቀ ሰው ላይም የስርቆት ቅጣት እንዳይፈጸም አደረጉ።

ይህ ሁሉ ሆኖም ብዙ ሰው ሞቷል። የተሰበሰበው ሕዝብ በሽታ ገብቶበት ዑመር በብዙ ጀናዛ ላይ ሰግደዋል። ይህን የምናነሣው ሥራው ከንቱ ነበር ለማለት ሳይሆን፣ ፍጹም በሆነ ሥርዓት እንኳ ረሃብ ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ ለማሳየት ነው። እንግዲህ ያለ ሥርዓት ሲሆን ምን ሊሆን ነው?

በመጨረሻ ዑመር የረሱልን አጎት ዐባስን (ረ.ዐ.) ይዘው ለዝናብ ዱዓእ ወጡ፤ ዝናቡም መጣ። እዚህም ላይ ሥራው አላቆመም። የተሾሙት ሰዎች ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ስንቅና የሚጫንበት ግመል እየሰጡ ወደ አገሩ ሸኙት። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ምስር በሙስሊሞች እጅ ከገባች በኋላም ዐባይን ከቀይ ባሕር ጋር ያገናኝ የነበረው ጥንታዊ ቦይ እንደገና ተቆፍሮ፣ የምስር እህል በቁልዙም በኩል በመርከብ ወደ መዲና ወደብ ወደ ጃር ይመጣ ጀመር። የተራበው ከበላ በኋላ፣ በሚቀጥለው ድርቅ እህል የሚመጣበት መንገድ ተሠራ ማለት ነው።

ከመዲና ወደ ቆረምና ባቲ

ይህ ሁሉ የሩቅ ዘመን ታሪክ ነው የሚል ካለ ወደ አገራችን እንመለስ። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ የብዙዎቻችን ቤተሰብ ትዝታ ነው። በወሎና በትግራይ፣ በሌሎችም አካባቢዎች ድርቁ፣ ጦርነቱና የመንግሥት ፖሊሲ ተባብረው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ጨረሱ። እንደ ረማዳው ዘመን ሁሉ ገበሬው ቤቱን እየዘጋ ወደ አውራ ጎዳና ወረደ። በቆረም ብርድ፣ በባቲ ሜዳ፣ በመቀሌ ዙሪያ ሰው በሰው ላይ ተከመረ። ብዙዎቹን የገደለው በመጠለያው የተዛመተው በሽታ ነበር።

የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን አደጋውን አስቀድሞ በ1976 ዓ.ም. አስታውቆ እርዳታ ጠይቆ ነበር። ዓለም ዘገየ። መንግሥታችንም በመስከረም 1977 የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ያከብር ነበር። ቅቤ አልቀምስም ካሉት ኸሊፋ ጋር አስተያዩት!

ዝምታውን ከሰበሩት አንዱ ናይሮቢ የተወለደው ሙስሊም የፊልም ባለሙያ ሙሐመድ አሚን ነው። ቆረም ላይ ያነሣው ፊልም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ሲታይ በብዙ አገር ያለ ሰው ከምሽት ምግቡ ፊት እንባውን አፈሰሰ። ሙሐመድ አሚን በ1991 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ በደረሰ የጥይት መጋዘን ፍንዳታ አንድ ክንዱን አጣ፤ በ1996 ደግሞ ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ።

እንባው ግን ጆንያ ሊሆን ይገባው ነበር። በዚያው በ1984 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ከተማ፣ ሃኒ አል-በና የተባሉ ግብጻዊ ሐኪምና ጓደኞቻቸው የአፍሪካን ረሃብ ሰምተው ገንዘብ መሰብሰብ ጀመሩ። የተቀበሉት የመጀመሪያ ስጦታ ሃያ ፔንስ፣ ማለትም የአንድ ፓውንድ አንድ አምስተኛ ነበር። ግማሽ ቴምር ማለት ይህ አይደለምን? ከዚያ ሳንቲም ተነሥቶ ኢስላሚክ ሪሊፍ የተባለው ድርጅት ተቋቋመ፤ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራ ሆኗል። በሚቀጥለው ዓመት በ1985 የእንግሊዝ ሙስሊም ማኅበራት ተሰባስበው ሙስሊም ኤይድን መሠረቱ። ሃያው ፔንስ ድርጅት ሆነ። ሳይጻፍ በኪስ የቀረ ሳንቲም ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማንም ባላስታወሰው።

የእኛ ጀመዓ

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ምግብ ሰብስቦ ለእርዳታ ድርጅት ማስረከብ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በየዓመቱ ዘካተል ፊጥር እንሰጣለን፤ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አንድ ሷዕ። ሷዕ ማለት መካከለኛ ሰው በሁለት እጁ አራት ጊዜ የሚዘግነው ነው፤ እንደ እህሉ ዓይነት ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ ይሆናል። ለምሳሌ በአንድ መስጂድ ዙሪያ ሦስት መቶ ቤተሰብ አለ እንበል፤ በእያንዳንዱም አምስት ሰው። ሁሉም በነፍስ ወከፍ ሁለት ኪሎ ተኩል ቢያመጣ 37 ኩንታል ከግማሽ ይሆናል። ይህ ክምር ከመስጂዱ በር ከፍ ብሎ የሚታይ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ሒሳብ ተመልከቱ። በአገራችን የእርዳታ ሥራ የአንድ ሰው የወር የእህል ድርሻ ብዙውን ጊዜ 15 ኪሎ ነው። ያ ሁሉ ክምር 250 ሰዎችን፣ ማለትም 50 ቤተሰቦችን፣ ለአንድ ወር ብቻ ይመግባል። የረማዳው ድርቅ ዘጠኝ ወር እንደ ቆየ አትርሱ። ስለዚህ አንድ ቀን ተሰብስበን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን፣ ተጨባብጠን የምንለያይበት ሥራ አይደለም። በየወሩ ትንሽ ትንሽ መስጠት በዓመት አንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት ይልቅ ለተራበው ይበጀዋል።

ሥርዓቱን ከሩቅ አንፈልገው፤ በእድራችን ውስጥ አለ። ጸሐፊው መዝገቡን ያውጣና የገባውን በእህል ዓይነትና በኪሎ ይጻፍ። ቁልፉን ሁለት ሰዎች ይያዙት፤ አንዱ ያለ ሌላው እንዳይከፍት። ጆንያው ከመሬትና ከግድግዳ ራቅ ብሎ በእንጨት ርብራብ ላይ ይደርደር፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። ስንዴው ከስንዴ፣ ምስሩ ከምስር፣ ዘይቱ እንደታሸገ ለብቻው ይቀመጥ። መሰብሰብ ከመጀመራችሁ በፊት የምታስረክቡትን ድርጅት ምን እንደሚፈልግ፣ መቼና በምን መኪና እንደሚወስድ ጠይቁ። ጊዜው ያለፈበት ዱቄት ወይም ቤታችን የማንበላውን ነገር ማምጣት ሶደቃ ሳይሆን ጓዳ ማጽዳት ነው። ስታስረክቡም ደረሰኝ ተቀበሉ፤ በሚቀጥለው ጁሙዓ ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ ተብሎ ለጀመዓው ይነገር።

ከሁሉ በላይ ደግሞ በየቅያሱ የታመኑ ሰዎችን መርጣችሁ ያልመጡትን አስቆጥሩ። ከመስጂዱ በር የቆመውን ሁላችንም እናየዋለን። ባሏ የሞተባት፣ ሥራ ያጣው አባወራ፣ የአልጋ ቁራኛ የሆኑት አዛውንት ግን አይመጡም። ወደ እነርሱ የሚሄደው ሰው በመሸ ጊዜ ይሂድ፤ የሰጠውንም አያውራ። ተራቢው በካሜራ ፊት ቆሞ እንዲያመሰግነን አንጠይቀው። በቁርአንም ለአላህ ብለው የሚያበሉ ሰዎች የተመሰገኑት ዋጋም ምስጋናም ስለማይፈልጉ ነው።

እናቶች ሆይ! ለቤተሰቡ ሩዝ ወይም ምስር ስትሰፍሩ አንዲት ስኒ ወደ ሌላ ጣሳ አስቀምጡ፤ በወሩ መጨረሻ ጣሳው ይሞላል። አባቶች ሆይ! ልጃችሁ ጣሳውን በገዛ እጁ ይዞ ወደ መስጂድ ይሂድ፤ ስሙም በመዝገቡ ላይ ሲጻፍ ይይ። አደራ ምን እንደሆነ ከብዙ ንግግር ይልቅ በዚያች ቀን ይማራል።

ያን ቀን በሻገተው ጆንያ ፊት የጠየቁን አባት ዛሬ በሕይወት የሉም፤ አላህ ይዘንላቸው። የእርሳቸው ቅሬ በሥርዓት ቀበራቸው። ድንኳኑ በሰዓቱ ተተከለ፤ የቀረ ሰው አልነበረም። እኔም ከለቀስተኛው መካከል ቆሜ ያ ጥያቄያቸው መልስ ያላገኘው ሥርዓት ስላላወቅን እንዳልነበረ ተረዳሁ። ሥርዓቱን እናውቀው ነበር፤ ያዘጋጀነው ግን ለሞት ብቻ ነበር።

አላህ (ሱ.ወ.) ትንሹንም ትልቁንም ስጦታችንን ይቀበለን፤ አደራ ከሚጠብቁትም ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።